የመነጽር ፈረቃ

አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ያ ነጭ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ሲገባ የከሰል ካውያ ሸተተኝ። ትስቅ ይሆናል፤ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ምን ካውያ አለ? የሸተተኝ የአባዬ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጂንካ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የስፌት መኪናው ድምፅ የሚጠፋበት።

እኔም አባዬም ሩቅ አናይም ነበር። ቤት ውስጥ ያለው መነጽር ግን አንድ ነው፤ እሱም አንዱ እጀታው በክር የታሰረ። ስለዚህ ፈረቃ ገባን። ጠዋት እኔ አድርጌው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ አባዬ ጨርቁን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያለ መነጽር ይሰፋል። ከሰዓት በኋላ የሱ ነው። ቅዳሜ ለገበያው፣ እሑድ ለቸርች፣ ያኔም የሱ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባዬ ከጎኑ ያስቀመጠውን መቀስ በእጁ እየዳበሰ መፈለግ ጀመረ። ትከሻውን የበሩ መቃን ይመታዋል። አንድ ቅዳሜ ሙዝ የጫነ ሞተር በጎኑ ሲመጣ ሳያየው ቀርቶ ለጥቂት ተረፈ። አክስቴ ልትጠይቀው መጥታ እኔን እያየች፣ «ይቺ ልጅ መነጽሩን አድርጋ አድርጋ ዓይኑን ጨረሰችው» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ዝም መባሉ ነው የገደለኝ።

ከዚያ በኋላ መውጫ አጣሁ። ባደርገው የአባቴን ዓይን የምበላ ይመስለኛል። ባላደርገው ሰሌዳው ጭጋግ ነው፤ ሚኒስትሪ ደግሞ ደርሷል። አንድ ጠዋት፣ «ራሴን ያመኛል፣ አልፈልገውም» ብዬ ስፌት መኪናው ላይ ትቼለት ልወጣ ስል ጠራኝ። በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገና መልሶ አደረገልኝ።

«ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ደስ አላለኝም። አባዬን አርባ ምንጭ ብንወስደውም ዘግይታችኋል ተባልን። ለምን እንደሆነ ያስረዳን ሰው የለም፤ ወይ አስረድተውን አልገባንም። ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። እኔም ይቅርታ ሳልለው ሞተ።

ይኸው ዘንድሮ፣ ከማሽኑ ቀና ስል ወጣቷ ሐኪም የዓይኔን ፎቶ አሳየችኝ። ሩቅ የማያይ ዓይን ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው አለች፤ ነርቩ ዘመም ብሎ ይገባበታል፣ ዙሪያው ስለሚሳሳም የዓይን ውስጥ ግፊት አይችልም። ቅርብ የማያየው፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የሚያቅታት የእናቴ ዓይነቱ፣ አጭር ነው፤ ነርቩ በጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቆ ያልፋል።

«የአባትዎ ግላኮማ ሳይሆን አይቀርም፤ ግፊቱ ነርቩን ቀስ በቀስ የሚገድልበት በሽታ ነው። በዘር ስለሚሄድ እርስዎም በየጊዜው ይታዩ።»

«መነጽር መዋዋሱስ?» አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«እሱማ ነርቭ አይነካም» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

ደጅ ወጥቼ ጂንካ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ አባዬን ያሳወረው መነጽሩ አይደለም አሉኝ። እኔ አይደለሁም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩት።

«አንቺን ደሞ ማን አለሽ?» አለች። «መነጽሩን ለልጅቷ ስጣት ብዬ አባትሽን የለመንኩት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጌታን ይቅር በለኝ እላለሁ።»

ከዚያ በኋላም ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።