ፉልሄንሲዮ ወርዋሪ ሲፈልግ

ባሌ ፉልሄንሲዮ እሑድ እሑድ ቤዝቦል ሜዳ ላይ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሲይዝ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ሥራው ስኳር ፋብሪካ ውስጥ በያጅነት ነው። ሰፈሩ ግን በብየዳው አያውቀውም፤ ጓጉንቸር ነው የሚለው፣ እንደ ተቆለፈ በር በእሱ በኩል ኳስ አያልፍም ለማለት። እኔ ኔሬይዳ እባላለሁ፤ ሜዳው አጥር ጥግ ቂጣ በዘይት እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ቤዝቦል አልወድም። ከዚህ ሰውዬ ጋር እየኖሩ ግን አለማወቅ አይቻልም፤ ቁርስ ላይ ወርዋሪ፣ እራት ላይ ወርዋሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ተቀምጦም ወርዋሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድናችን ሁለት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ወጣ። ለሦስተኛ ዓመት ከደገማችሁ ከውድድሩ ትወጣላችሁ፣ የእሑድ ሜዳውም ለሌላ ሰፈር ይሰጣል ተባለ። በሽታችን የታወቀ ነው፤ ደህና ወርዋሪ የለንም። የኛዎቹ የወረወሩትን ሁሉ ሌላው ቡድን እየመታ አጥር ያሻግረዋል። ፉልሄንሲዮ ይህን የሰማ ቀን ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። ያ ሜዳ ከሄደ እሱ እሑድን ምን እንደሚያደርገው እግዜር ይወቅ። እኔስ ምን አደርገዋለሁ?

ሸንኮራው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ወፍጮው ይቆማል፣ የጥገና ጊዜ ይገባል። በዚያ ወቅት ባሌ በአሥር ሰዓት ቤቱ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ያንን ትርፍ ሰዓት በሙሉ ወርዋሪ ፍለጋ ላይ አዋለው። የጭነት መኪና ሾፌር አይቀረው፣ በሞተር ሰው የሚያመላልስ አይቀረው፣ ያገኘውን ሁሉ አስቁሞ "ጥሩ ክንድ ያለው ሰው አላየህም?" ይላል። ከባሕሩ ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ አመጣ። ቀጥሎ የአውቶቡስ ረዳት። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ግራኝ የትምህርት ቤት መምህር። ሦስቱም ከየሰፈራቸው በሙገሳ ነው የመጡት። ባሌ ጭንብሉን አጥልቆ፣ የደረት መከላከያውን አስሮ፣ ራሱ ቁጢጥ ብሎ ይፈትናቸዋል። ሦስቱም ደረት ላይ ወረወሩ። ደረት ላይ የመጣ ኳስ ለመቺ እንደ ጉርሻ የቀረበ ማለት ነው። አመስግኖ ሸኛቸውና ቤት ገብቶ ተነጫነጨ።

"ይቺ አገር ክንድ አልቆባታል፣ ኔሬይዳ።"

"አገሪቱን ተዋትና ጉልበትህ ላይ በረዶውን ያዝ" አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ዊልኪን መጣ። ከወንዙ ማዶ የጋዝ ሲሊንደር በሞተር የሚያደርስ ቀጭን ልጅ ነው። የዚያን ቀን ፉልሄንሲዮ ከፋብሪካ ስለዘገየ፣ የቡድኑ መሪ ዶን ፕራክሴዴስ "እስኪመጣ ሰውነትህን አሟሙቅ" አለው። ዶን ፕራክሴዴስ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ትልቋን ልጃችንን ክርስትና ያነሣ አበልጃችን። ኳሱን የሚይዝለት አኔውዲ ነበር፤ ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ። ቂጣዬን እያገላበጥኩ አየኋቸው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መቺ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። አኔውዲ በደረቱ ይወድቅበታል፣ በአቧራ ተለውሶ ኳሱን ይዞ ይነሣል። እኔ ቤዝቦል የማልወደዋ ሴት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ባሌ ደረሰ። "እስቲ እንይህ" ብሎ ቁጢጥ አለ። ዊልኪን አንዴ አየው፤ ቀጥሎ ዶን ፕራክሴዴስን አየ። ወረወረ፤ ደረት ላይ። ደገመ፤ ደረት ላይ። አሥር ጊዜ ወርውሮ አንዱም ከወገብ በታች አልወረደም። ፉልሄንሲዮ ጭንብሉን አውልቆ "ይሄም ያው ነው" አለና የልጁን ጀርባ መታ መታ አድርጎ ሸኘው።

ቂጣዬን ጥዬ ዶን ፕራክሴዴስን እጅጌው ላይ ያዝኩት።

"አበልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጆቹ የጉልበቱን ነገር ያውቃሉ አይደል?"

ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ፣ "ሁሉም ያውቃል" አለኝ። "ዝቅ ካደረጉበት ጉልበቱ አይወርድለትም፣ ኳሱ ያልፈዋል። ጨዋታ ላይ ካለፈው ደግሞ ሌላው ቡድን ሮጦ ነጥብ አገባብን ማለት ነው። የኛዎቹ ወርዋሪዎችም እንዳያፍር ብለው ነው ከፍ የሚያደርጉት። አዲስ የመጣውንም ሰው ወደ ዳር ወስደው ይነግሩታል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ማን ይንገረው ኔሬይዳ? አኔውዲን ኳስ አያያዝ ያስተማረው እሱ፣ ይሄን ሜዳ በአካፋ የደለደለው እሱ። በየትኛው ዓይኔ አይቼው ልናገር?"

ተናደድኩ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሰውየውን ሜዳውን ሊያሳጡት ምንም አልቀራቸውም፤ እሱን ብለው! በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ለገና የሚበላውን የእርግብ አተር እየፈለፈልን ሳለ ነገርኩት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

"ዊልኪን ለአኔውዲ ሲወረውር ኳሱ መሬት ሊልስ ነበር። ላንተ ሲሆን ነው ደረት ላይ የወጣው።"

"ሰውነቱ አልሞቀም ነበራ።"

"መምህሩስ? ዓሣ አጥማጁስ? እነሱም አልሞቁም?"

እጁ ቆመ። "ምን ልትይ ነው?"

"ጉልበትህ አይወርድም። ሁሉም ያውቃል። እንዳታፍር ብለው ነው።"

"አንቺ ደግሞ ከዘይት ጋር ስትታገይ ኳስ ማየት የጀመርሽው መቼ ነው?"

"የዛሬ ሃያ አራት ዓመት።"

ሊነሣ ሲል የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ፤ ጉልበቱ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሰማነው። አራት ቀን አኮረፈኝ። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ለዶሮዋ ነው የሚነግራት፤ "እስቲ ጨው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ይላታል። እኔም መልሱን ለዶሮዋ እሰጣታለሁ። ሳቄ ይመጣል፤ ዘወር ስል ደግሞ ዕንባዬ። አንጀቴን በላው። ባልናገር ይሻል ነበር እንዴ ብዬም አሰብኩ።

ቅዳሜ ዕለት ራሱ ወንዙን ተሻግሮ ዊልኪንን ይዞት መጣ። ቡድኑ በሙሉ ሜዳው ላይ ነበር። ጭንብሉን አጠለቀና ቁጢጥ አለ።

"ዝቅ አድርገህ ወርውር" አለው።

"ጌታዬ፣ ዛሬ ትከሻዬን ትንሽ..."

"ትከሻህን ተወው። ለዳቦ ጋጋሪው የወረወርክለትን ወርውርልኝ።"

ልጁ ወረወረ። ኳሱ ወረደ፤ ባሌም ሊወርድ ሞከረ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ኳሱ በእግሮቹ መሃል አልፎ አጥሩን መታው። "ድገም" አለ። አለፈው። "ድገም" አለ። አለፈው። ተጫዋቾቹ ጫማቸውን ያያሉ። እኔ የአጥሩን ሽቦ ይዤ፣ በቃ በለው አምላኬ፣ እላለሁ።

ከአምስተኛው በኋላ በእጁ መሬት ተደግፎ ተነሣ። ጭንብሉን፣ የደረት መከላከያውን፣ የእግር መከላከያዎቹን አንድ በአንድ ፈታና "አኔውዲ፣ ና ልበስ" አለ። አኔውዲ ለበሰ። ፉልሄንሲዮ ከጎኑ ቆሞ ዊልኪን ሲወረውርለት አየ። "የግራ ጉልበትህን አስቀድም" አለው ቆይቶ። "ሁልጊዜ ነው የምታዘገየው።" ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘ። ዶሮዋን ትቶ ለእኔ ለራሴ "ጨው አለ ወይ?" አለኝ።

ሰኞ ወደ ዓሣ አጥማጁ ሄደ፣ ማክሰኞ ወደ አውቶቡስ ረዳቱ፣ ረቡዕ ወደ መምህሩ። በራቸው ላይ ቆሞ ምን እንዳላቸው አልነገረኝም። መምህሩ በኋላ እንዳጫወተኝ ከሆነ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክንድህስ ደህና ነው፤ ትመጣለህ?" ነው ያለው። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ ሰው አፍ ወጣ ሲሉኝ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

ከገና በኋላ የሚመጣው የሰብአ ሰገል በዓል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ አንድ ወርዋሪ ሲመኝ የኖረው ቡድን አራት ወርዋሪ ይዞ ሜዳ ገባ። ኳስ ያዡ ግን አንድ ነው፤ አኔውዲ ለዊልኪን ሲይዝ ሌሎቹ ሦስቱ ቆመው ቀሩ። ፉልሄንሲዮ የቀለም ባልዲ አመጣ፣ ገለበጠው፣ ተቀመጠበት፣ ጓንቱን አጠለቀና "መምህር፣ በል አንተን እኔ ላሟሙቅህ" አለ። መምህሩ ኳሱን ይዞ ቆመ፤ የት እንደሚወረውር ግራ ገባው።

"ደረት ላይ ወርውርልኝ" አለው ባሌ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "የእኔ ጉልበት አይታጠፍም። ዝቅ ያለውን ለአኔውዲ አስቀምጥለት።"

መጀመሪያ የሳቀው ዶን ፕራክሴዴስ ነው፤ ከዚያ አኔውዲ፣ ከዚያ ሁሉም። ከሁሉም በላይ የሳቀው ግን ባሌ ነበር፤ ባልዲው ከሥሩ እስኪንቀጠቀጥ። መምህሩ ደረቱ ላይ ወረወረለት። ያዘው።