ድንች የተኛበት የሙሽራ አልጋ

በ1973 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት አንጋጫን ጉም ሸፈናት። ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ እንደ ትኩስ ገንፎ ይጨስ ጀመር። ለድንች ተከላ ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም። ትርፊት ጎረቤቶቿን የጠራችው ያን ቀን ነው፤ ኅዳር ላይ የቀበረችውን የዘር ድንች ልታወጣ።

በእንሰት ሥራ ትርፊትን የሚስተካከል በአካባቢው አልነበረም። የእሷ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ቢቆይ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። ታዲያ ቆጮን ያቆየ ጉድጓድ ድንችን ምን ያደርገዋል ብላ፣ ሦስት ጆንያ ዘር በእንሰት ቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ጭናበት ቀብራው ነበር።

ድንጋዩ ሲነሳ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አንቺ የኤልሳቤጥ እናት፣» አለ ጎረቤቷ ጥሩሰው፣ አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ፣ «ይኼ የሚተከል ነው ወይስ በማንኪያ የሚጠጣ?»

ሳቁባት። እሷም ሌላ ምን ታድርግ፣ አብራ ሳቀች። ጥሩሰው ነገሩን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሳይቀር አወራው። ባሏ ማቴዎስ ግን አልሳቀም። ገብሱ እስኪደርስ ያሉትን የችግር ወራት የሚያሻግራቸው ድንች ነበር። ሞርሲቶ የሚኖረው ወንድሙ አንድ ጆንያ ዘር ሰጣቸውና «ከእንግዲህ ለራሴም የለኝም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ያም ከተበላሸ ሌላ ዘር ከየትም አይመጣም።

በሳምንቱ ትርፊት ታዛውን ስትጠርግ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የተቀደደ ቅርጫት አወረደች። ውስጡ ከኅዳር ጀምሮ የተረሱ አሥራ ሁለት ድንቾች ነበሩ። አረንጓዴ ሆነው ትንሽ ተጨማድደዋል። ለመብላት አይሆኑም፤ ግን አንዳቸውም አልሸተቱም፤ ቡቃያቸውም አጭርና ወፍራም ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አየቻቸው። ብርሃን ያገኛቸዋል፣ ነፋስ ያገኛቸዋል፣ ዝናብ አይነካቸውም።

«ለካ ቆጮ ሲታፈን ይበስላል፣ ድንች ሲታፈን ይሞታል» አለችው ለማቴዎስ።

«ይህን ለማወቅ ሦስት ጆንያ ፈጀብን» አላት።

ያቺን አንድ ጆንያ በበልጉም በክረምቱም ተክለው አባዙና በኅዳር ድንቹን አወጡ። ትርፊት በመቆፈሪያ የተወጋውን ቶሎ እንዲበላ ለብቻ አደረገች። ጤነኛውን ሳታጥብ፣ አፈሩን ብቻ አራግፋ ለዘር ለየች። ነፋስ ከላይም ከታችም የሚያገኘው ማስጫ ግን ከየት ይምጣ? በቤቱ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ማቴዎስ ለልጃቸው ለኤልሳቤጥ ሠርግ ብሎ የሠራው የቀርከሃ አልጋ። ጎትታ ታዛ ሥር አወጣችው።

«እማዬ! እኔ እንኳን ሳልተኛበት?» አለች ኤልሳቤጥ።

«ጠያቂሽ እስኪመጣ ባዶውን ከሚቀመጥ!»

ጠያቂው መጣ። በጥር ከሺንሺቾ ሦስት ሽማግሌዎች ደጅ ቆሙ። ትርፊት ድንቹን ስታገላብጥ አገኟት። ማቴዎስ አፍሮ አልጋውን በጀርባው ሊከልል ሞከረ፤ ግን አልጋ በጀርባ አይከለልም። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ተክለጊዮርጊስ በከዘራቸው ጠቆሙ።

«እኛ ሴት ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣነው። አልጋው ተይዟል እንዴ?»

«አባቴ፣ እነዚህ እንግዶች ናቸው» አለች ትርፊት። «የካቲት ላይ ይሄዳሉ።»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ድንች አነሱና ቡቃያውን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ከተነቀለ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር አልፎታል።»

«የእኛ እኮ በወሩ በሰበሰ። በሉ እንግባ። ልጅቱን ስትሰጡን አንድ ቅርጫት ዘር እንድትጨምሩልን ነው።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ፤ አልጋውም እስከዚያ ይለቀቃል። የካቲት ደረሰ፤ ዝናቡም መጣ። ከዚያ ሁሉ ድንች የተበላሸው አንድ ሰፌድ አልሞላም። ተክለው ሳይጨርሱ ጥሩሰው አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«የኤልሳቤጥ እናት፣ የሚተርፍሽ ዘር ይኖራል?»

«በማንኪያ ነው በጆንያ የምትፈልገው?»

ከሁለቱ ቀድሞ የሳቀው ራሱ ጥሩሰው ነው። ጆንያውን ሞላችለት።

ኤልሳቤጥ በግንቦት ስታገባ አልጋዋ ታጥቦም አፈር አፈር ይሸት ነበር። ሺንሺቾ በደረሰች በመንፈቋ ባሏን ሁለተኛ አልጋ አሠራችው፤ ለድንቹ።

ትርፊት ዛሬም ከማቴዎስ ጋር አንጋጫ፣ በዚያው ቤት ትኖራለች። ጉልበቷ ስለደከመ የዘር ድንቿን የምትለየው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው።