መሪጌታ ማድቤት ሲገቡ

ጸዳለ ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ ደብረ ታቦር ከተመለሰች በኋላ ልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። ማታ ደክሟት ስትገባ የምትሠራው ራት አንድ ነው፤ ድንች፣ ካሮትና ቃሪያ ከቋሊማ ጋር ቆራርጣ ሁሉንም ባንድ መጥበሻ ታበስለዋለች። ለሕክምና ከገሳይ መጥተው እሷ ጋ የሰነበቱት አባቷ መሪጌታ ፋንታው ስትሠራ ያዩዋታል።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ በዝቶባት ዘግይታ ስትመጣ ቤቱን የሽንኩርት ሽታ ሞልቶታል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቋሊማውን ያገላብጣሉ። ጸዳለ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኒህ ሰው ወንድሟን ማድቤት ገባህ ብለው በአርጩሜ የገረፉ ናቸው። እናቷ ታማ በተኛችበት ጊዜ እንኳ እሳት አልነኩም።

«አባዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች።

«የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ለጓደኞቼ ወጥ የምሠራው እኔ ነበርሁ» አሏት ከመጥበሻው ቀና ሳይሉ። «እናትሽ ይህን ሳታውቅ ሞተች።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«አፍሬ።»

ጸዳለ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ሲያቀብሏት ተቀበለች። ካሮቱ ትንሽ አሯል፤ ድንቹ ግን በደንብ በስሏል። ሁለቱም በልተው ጨረሱ።