የጋሼ ገለታ መኪና ቀለም

የአምቦው ፎቶ አንሺ ኦቦ ገለታ ዐርፈዋል። ወሬውን የሰማሁት በማስተምርበት በእጃጂ ነው። የአውቶቡስ ረዳት በክፍሌ በር ብቅ ብሎ፣ «መምህርት፣ ጋሽ ገለታ ዐረፉ፤ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር ጨረስኩ። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ዓይናፋር ነኝና በሰው መካከል ቆሜ ስለ እሳቸው መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

የእሳቸው ፎቶግራፍ ያልተሰቀለበት የአምቦ ቤት ጥቂት ነው። ሥራቸውን ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰዎቹ፣ ግንቡ፣ ሰማዩ ሁሉ ግራጫ ነው። መኪናዋ ብቻ ቀለም አላት። በአንዱ ሳሎን ሰማያዊ ናት፣ በሌላው አረንጓዴ፣ በሌላው ደግሞ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ።

መኪናዋ አፍንጫዋ የረዘመ የድሮ አውቶሞቢል ነበረች፤ በፎቶ ቤቱ ጓሮ ከግንቡ ሥር ቆማ ነው የኖረችው። ሞተር አልነበራትም። በአዲስ ዓለም መንገድ ላይ ተበላሽታ የቀረችውን ጋሼ ገለታ በጭነት መኪና አስጎትተው እንዳመጧት ይነገራል። እሳቸው ሲጠየቁ ግን «በእግሯ ነው የመጣችው» ይሉ ነበር። ሙሽሮች በሯን ተደግፈው፣ ከየገጠሩ ለገበያ የመጡ ሰዎች መሪዋን ጨብጠው ይነሡ ነበር። እኔ በማስታውሳት ጊዜ ፀሐይና ዝናብ ቀለሟን ጨርሰውታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ብረቷ ለቀጥቃጮች ተሸጠ። ስመለስ በቆመችበት ቦታ ሣር በቅሎ አገኘሁ።

መኪናዋን ብቻ የመቀባቱ ልማድ የተጀመረው በስሕተት ነው። የሰፈራችን ሰው አዴ ጫልቱ አንድ ልጃቸውን ቶሌራን ከመኪናዋ አጠገብ አስነሡት። ቶሌራ ቀይ ልጅ ነበር፤ በፎቶው ላይ ግን ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። አዴ ጫልቱ ተቆጥተው መጡና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«አንተ ገለታ! ምነው እንዲህ አጨለምከው? ቀይ አድርግልኝ!» ብለው ሄዱ።

ለጋሼ ገለታ ስለ መኪናዋ የተናገሩ መሰላቸው። በክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው መኪናዋን ቀይ አደረጓት፤ ልጁን እንደነበረ ተዉት። አዴ ጫልቱ ተመልሰው ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄን ቀይ አድርግልኝ አልኩህ እንጂ ብረቱን መቼ አልኩህ?»

«አዬ ጉዴ! አምጪው፣ ሌላ አጥቤ እሰጥሻለሁ» አሉ ጋሼ ገለታ አፍረው።

«ተወው፤ አልሰጥህም። ያምራል።»

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ሁሉ «እንደ ቶሌራ አድርግልን» እያለ መጣ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራውን ለማየት እሄድ ነበር። ከበር ሲያዩኝ «የቀለም ልጅ መጣች!» ይላሉ። ትምህርቴን ይሁን ቀለም መውደዴን፣ የቱን እንደሚያሞግሱ አላውቅም ነበር። በኋላ ጥጡን በእጄ ሰጡኝና አስተማሩኝ። «ብርሃን ያረፈበትን አትንኪ፤ እሱ የፀሐይ ድርሻ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀለም ሳበዛ ደግሞ፣ «አቅጥኚው። ጥላው በውስጡ ካልታየ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ መኪና አይባልም።» አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ አበባም ይቀባ ብዬ ለመንኳቸው። «ሁሉን ከቀባሽው ዓይን ማረፊያ ያጣል» ብለው ከለከሉኝ።

ከሸነን የመጡ አንድ ሽማግሌ መኪናዋ ተነሥታ ትሄድብኛለች ብለው መግባት ፈሩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁባቸው። ጋሼ ገለታ አልሳቁም። ትልቅ ድንጋይ አንከባልለው አመጡና ከፊት ለፊቷ አስደገፉ። «አባባ፣ አሁን ብትፈልግም አትሄድም» አሏቸው። ሽማግሌው ገብተው ተነሡ። ድንጋዩም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ የሚፈራ ሌላ ሰው ይኖራል ብለው እዚያው ተዉት።

በጠረጴዛቸው ላይ ግን ቀይ ቀለም አይቼ አላውቅም። ቀይ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ «አልቋል» ይሉታል። ለዓመታት እንዳለቀ ነበር። ኬሚስትሪ መማር የጀመርኩ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ከፈለጉ እኔ ቀዩን ላዘጋጅልዎት እችላለሁ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ጥጡን አስቀምጠው ነገሩኝ።

ቶሌራ አንድ ጠዋት ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ዓመቱን መጻፍ አያስፈልገኝም፤ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ አዴ ጫልቱ ያንን ፎቶ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። «ገለታ፣ ይህን ቀይ አውጣልኝ። ባየሁት ቁጥር እሱ ላይ የፈሰሰ ይመስለኛል» አሉ። ጋሼ ገለታ በውሃ ሞከሩ፤ አልለቀቀም፤ ቀለሙን ወረቀቱ ጠጥቶታል። በመጨረሻ ከኔጋቲቩ ሌላ አጥበው ያለ ምንም ቀለም ሰጧቸው። ቀዩን ብልቃጥ ጓሮ ወስደው ደፉት።

«የገባ ቀለም አይወጣም፣ ልጄ» አሉኝ። «የሚቻለው ሌላ አለማስገባት ነው።»

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰዎች ስለ መኪናዋ ሲከራከሩ ሰማሁ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «ሰማያዊ ነበረች፤ በሠርጌ ቀን ተነሥቼባታለሁ» አሉ።

«ኧረ ተዉ ኦቦ! አረንጓዴ ናት፤ ቤቴ ተሰቅላ የለም እንዴ?» አላቸው አንድ ጎልማሳ።

«ለሾፌር መኪና ልታሳውቅ ነው?»

«ሞተር የሌላትን መቼ ነዷትና ነው የሚያውቋት?»

ድንኳኑ ሳቀ። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለንና ነጠላችንን አስተካክለን ተቀመጥን። ሰዉ ሁሉ የሚያስታውሳት በየቤቱ እንደተሰቀለችው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ጋሼ ገለታ ሰውን ሲያነሡ ኖረው፣ ራሳቸው ከመኪናዋ ጋር የተነሡት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ክርናቸውን በሯ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ቀለም የለውም።

«ለአርባው አንቺ ቅቢልኝ» አሉኝ። «እሱ የሰው እንጂ የራሱን አልቀባም። እውነተኛ ቀለሟን አድርጊልኝ።»

«ምን ነበረች?»

«ቀይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። በአርባው ቀን አዴ ጫልቱ ከዚያ ፎቶ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ቀይ ብቀባው ያቺን እናት እንደገና አቆስላለሁ። ሌላ ብቀባው ደግሞ ወይዘሮ አስካለ ከባላቸው የቀረላቸውን አንድ ፎቶ ሐሰት አደርግባቸዋለሁ። ፎቶውን ወደ እጃጂ ወሰድኩት። ፈተና ሳርም አየዋለሁ፣ ወደ ፖስታው እመልሰዋለሁ፣ ማረሜን እቀጥላለሁ። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ልቤ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ ብነካውም አይሰማኝም።

አርባው ሲቃረብ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። «አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ብዬ ደኅንነታቸውን ጠየቅሁ። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ደጅ ወጥተው በብርሃን አዩት።

«መኪናዋን ምን ልትቀቢያት ነው?»

«አላወቅሁም።»

«አላወቅሁም ትላለች የቀለም ልጅ!» አሉ። ከዚያ መኪናዋን በጣታቸው እየነኩ፣ «ቀይ አልነበረች እንዴ? ቶሌራ ሲደገፋት ቀይ ነበረች። ቆሜ አይቻታለሁ» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ፎቶው መለስኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገለታ ለእኔ ብሎ ቀይ ሳይነካ ሞተ። እኔ የለመንኩት ከአንድ ወረቀት እንዲያወጣልኝ ነበር፤ እሱ ግን ከሥራው ሁሉ አወጣው። አንድ ቀን እንኳ በቃህ ሳልለው ቀረሁ።» ፎቶውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «ቀይ አድርጊልኝ።»

ጋሼ፣ ቀዩን ራሴ አዘጋጅቼ ቀባሁት። ከመስኮትዎ ሥር፣ ከጠረጴዛዎ ፊት ተቀምጬ ነው። ብርሃን ያረፈበትን አልነካሁም፤ መብራቶቿን፣ መስታወቷን፣ የእርስዎን ፊት ተውኩት። ቀለሙን አቅጥኜዋለሁ፤ የግንቡ ጥላ በውስጡ ይታያል። ክርንዎ ካረፈበት ዘንድ ስደርስ ጥጡ አመለጠኝና እጅጌዎን ትንሽ ነካው። ላወጣው አልሞከርኩም።

በአርባዎ አዴ ጫልቱ ፊት ለፊትዎ ተቀመጡ፤ ሰው እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከእርስዎ አላነሡም። ሾፌሩም አዩና «እንግዲያው ቀይ ነበረች» አሉ።

እኔ እስካሁን አላለቀስኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ቀዩ ግን ጣቴ ላይ አለ፤ ስታጠብ አልለቀቀም። ነገ እጃጂ ተመልሼ በዚሁ እጅ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የተረፈውን ቀይ በብልቃጥ ከሰማያዊውና ከአረንጓዴው ጎን አስቀምጬልዎታለሁ። ቀይ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ አለ ይባላል።

በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።