አምስት ደቂቃ ለዱአ

በሚሌኒየሙ ማግስት በነበሩት ዓመታት፣ ፌስቲቫል የሌለው ከተማ መብራት እንደሌለው ከተማ ያሳፍር ጀመር። ከሚሴም ፌስቲቫል ያስፈልጋታል ተባለ። እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ያነባል ስለሚባል የኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ። ብሮሹሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ታሪካዊቷ ከተማችን» የሚለውን አራት ቦታ ከትቼበታለሁ፤ በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች አብዛኞቹን በዕድሜ እንደምበልጣቸው እያወቅሁ።

ከዘፈንና ከጭፈራ ሌላ ምን እናቅርብ ሲባል፣ ወዳጃ ይቅረብ ያልኩትም እኔው ነኝ። ወዳጃ በእኛ አገር የጋራ ጸሎት ነው። ሰው ሐጃውን፣ ማለት የቸገረውን ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ዱአ አድራጊዋ ትለምንለታለች፣ የተሰበሰበው በየመሐሉ አሚን ይላል። አሚን የሚል ከሌለ ለማኟ ምንም ብትችልበት ዱአው ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህንን ሁሉ በብሮሹሩ አሳምሬ አብራርቻለሁ። ፕሮግራሙ ላይ ግን እንግዶች እንዳይሰለቹ ብዬ «ወዳጃ፣ አምስት ደቂቃ» አልኩ።

የእናቴ ታላቅ እህት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ወዳጃ ታደርግ ነበር። በአማርኛ የጀመረችውን ልመና በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ በሁለቱም ያልሆነላትን በዐረብኛ ትሞላዋለች። ዱአ መድረክ ላይ አይወጣም ትለኛለች ብዬ፣ ከመጻሕፍት የለቃቀምኩትን ክርክር ሁሉ ታጥቄ ሄድኩ። አንዱም አላስፈለገኝም።

«ስንት ሰው ይመጣል?» አለችኝ።

«ሜዳው ይሞላል።»

«ሁሉም አሚን ይላል?»

«ይላል እንጂ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። አብሽር።»

ለምን እንደተስማማች ያኔ ገባኝ። ልጇ በባቲ በኩል ወደ ቆላው ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሊገባ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም፤ እስከ ዛሬም። ሐሙስ ሐሙስ ሃያ ያህል ሴቶች አሚን ይሉላታል። የሃያ ሴት አሚን ባሕሩን ባይሻገር፣ የአንድ ሜዳ ሙሉ ሰው አሚን ይሻገራል ብላ አስባለች። እኔ ጸሎት ባሕር ይሻገራል ብዬ አላምንም። ግን ዝም አልኩ፤ ለመድረኬ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

መድረኩ ጎኑ የተከፈተ አይሱዙ ነው። አክስቴን በመሰላል ደግፈን አወጣናት። ማይክሮፎኑን እንደ ትኩስ ነገር ራቅ አድርጋ ያዘችና፣ ቤቷ እንደምታደርገው «ሐጃ ያለው አለ?» ብላ ጠየቀች። ሕዝቡ ዝም አለ።

«እንግዲያው የራሴን ልያዝ» አለች።

ለአላህ የልጇን ምልክት ትነግረው ጀመር፣ እንደማያውቀው ሁሉ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጨፋ ሜዳ ከብት ሲጠብቅ በሬ የወጋው ጠባሳ አለ። የወጣ ዕለት አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል። ውሃ ይፈራል። «ኢልመ ኮ፣ ልጄን፣ ውሃ የሚፈራውን ልጄን» አለችና አሚንን ለመቀበል ቆመች።

ሜዳው አጨበጨበ።

ደንግጣ ዙሪያዋን አየች። እንደገና ለመነች፣ እንደገና ቆመች። አሁንም ጭብጨባ፤ ፉጨትም ታከለበት። ከእነዚያ አጨብጫቢዎች ስንቱ ቤቷ ተቀምጦ እያለቀሰ አሚን ሲል አይቻለሁ። መድረክ ላይ ለወጣ ሰው ይጨበጨባል ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን። እኔ ፕሮግራሜን ይዤ ከመኪናው ሥር ቆሜያለሁ። አሚን ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን የክብር እንግዶች አየሁና አፍሬ ዋጥኩት። አምስት ደቂቃው ሞላ፤ አስተዋዋቂው «እናታችንን እናመሰግናለን» አለ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ።

«ዱአው ሳይዘጋ ቀረ» አለችኝ ስትወርድ።

«ሰው ወዶታል እኮ፣ አክስቴ።»

«እሱማ አጨበጨቡ። ልጄ ላይ አጨበጨቡበት።»

በዓመቱ ራሷ መጣች። «ዘንድሮም አለ? እስክጨርስ ከተዉኝ እወጣለሁ።» ግማሽ ሰዓት ይሰጣት ብዬ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመለከትኩ። ኮሚቴው የተሻለ ሐሳብ ነበረው። የአምናው በቪዲዮ ተቀርጿል፣ የባህል ቡድኑ ልጃገረዶች አጥንተው ያቀርቡታል ተባለ። ለአክስቴ ይህን የምነግርበት አፍ አጣሁ።

ልጃገረዶቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ ፈገግ እያሉ ወጡ። እኔ ለዝናብ፣ ለሰላም ይለምናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በኅብረት «ግራ ቅንድቡን በሬ የወጋው» አሉ። አረንጓዴው ጃኬትም አልቀረ። ጎኔ የተቀመጠው የኮሚቴ አባል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ግጥሙ የጥንት ነው አይደል?» አለኝ። አስተዋዋቂው ካለፈው ዓመት ተምሯል፤ በየመሐሉ «ውድ ታዳሚዎች፣ አሚን በሉ» ይላል። ሕዝቡም አለ። ከዳር እስከ ዳር፣ ድንኳኑ ሳይቀር፣ አሚን አለ።

አክስቴን ሳሩ ላይ ከሴቶቹ መሐል አገኘኋት። ይቅርታውን በልቤ ሳሰናዳ ነው የደረስኩት። መዳፎቿን ዘርግታ ነበር፤ ልጃገረዶቹ ሲጨርሱ ዱአ እንደተዘጋ ሰው ፊቷን በመዳፎቿ አበሰች።

«ተባለ አይደል?» አለችኝ።

«ተባለ።»

«ሁሉም ብሏል?»

«ሁሉም ብሏል፣ አክስቴ።»

«አልሐምዱሊላህ። በል አንሣኝ፣ ቶሎ ልግባ። ስልኩን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»