ጀፎሮው በእግር ሲታተም

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ

በጠዋት መነሳት ጠላቴ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ንጋት አየርና ስለ ወፍ ድምፅ ያወራል፤ እኔ የማስበው ትቼው የወጣሁትን ብርድ ልብስ ነው። ዛሬ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሳሁ። ጋሽ ከድር ትናንት ደውለው ነበር።

"እሑድ ይታተማል" አሉኝ። "ማየት ከፈለግሽ ቅዳሜ ቡታጅራ ግቢ። ካልመጣሽም አልቀየምም።"

አልቀየምም ያሉበት ድምፅ ራሱ ቅያሜ ስለነበር መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ጋሽ ከድር የሥዕል አስተማሪዬ ናቸው። ተራራና ሜዳ፣ እንሰትና መንደር ይስላሉ። ከቀለም ቅብ ይልቅ ልባቸው ያለው ግን ኅትመት ላይ ነው፤ ሳንቃ ይቀርጻሉ፣ የተቀረጸውን ቀለም ይቀቡታል፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ ያስተኙበትና ተጭነው ያነሱታል። ወልቂጤ አጠገብ ባለ ኮሌጅ ጎልማሳነታቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። እኔ እጃቸው እምቢ ካላቸው ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። "አንቺ የምትስዪው በአፍሽ ነው" ይሉኝ ነበር፤ ይኸው የጉዞ ወሬ እየጻፍኩ በአፌ እንጀራ እበላለሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ታሪፉን ሲሰሙ፣ "በዚህ ሂሳብ እኮ አምና ሆሳዕና እደርስ ነበር" አሉ።

"አምና ሆሳዕና ቅርብ ነበረች አባባ" አለ ረዳቱ። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁና ከፈሉ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ጥያ

ዓለም ገናን አልፈን የአዋሽን ሸለቆ ከተሻገርን በኋላ አገሩ ተከፈተ። ኅዳር ነው። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ጥያ ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገውና፣ "ድንጋዮቹን ማየት የሚፈልግ ካለ ጊዜው አሁን ነው" አለ። እኔ ባጃጅ ያዝኩ።

ስንቴ አይቻቸዋለሁ፤ አሁንም እየዞርኩ አያቸዋለሁ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ድንጋዮች፣ ላያቸው ላይ የሰይፍ ቅርጽ። ማን እንደቀረጻቸው ስሙን የሚያውቅ የለም። ጋሽ ከድር በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን እዚህ ያመጡ ነበር፤ ሁልጊዜ በጠዋት፤ የእኔን ጠላትነት ሳይቆጥሩ። "ብርሃን አግድም ሲመጣ ነው ቅርጽ የሚናገረው። እኩለ ቀን የመጣ ሰው ያየው ድንጋይ ነው" ይሉን ነበር። ዛሬም ጥላው በየሰይፉ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የባጃጁ ልጅ ስልኩን እየነካካ ሲጠብቀኝ ቆይቶ፣ "ጨረሽ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይጨረሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡታጅራ

ቡኢ ላይ አንድ ነጋዴ በርበሬ በጆንያ ጫነና ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እስከ ቡታጅራ ድረስ እያስነጠሰ ገባ። እርስ በርስ "ይማርሽ"፣ "ይማርህ" ስንባባል ተዋወቅን።

የጋሽ ከድር ባለቤት ወይዘሮ ዘሀራ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "አሰላሙ አለይኩም። ግቢ፣ ግን ግድግዳ ግድግዳውን" አሉኝ። ሳሎኑ የሚረገጥ ቦታ አልነበረውም። ስድስት የዋንዛ ሳንቃ፣ እያንዳንዱ የበር መዝጊያ የሚያህል፣ ጎን ለጎን ተጋድሟል። "ሌላዋ ሴት ጣውንት አለባት። የእኔ ጣውንት እንጨት ነው። ለሷ ሲባል ሶፋዬ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል።"

ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልኝ። ልብላ ወይስ ልይ? እየበላሁ አየሁ።

ሳንቃው ላይ የተቀረጸው ጀፎሮ ነው፤ ለማታውቁ፦ በጉራጌ መንደር መሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሰለፋሉ። ሠርጉም ለቅሶውም ስብሰባውም እዚያው ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥሩን ወደ እሱ አይገፋም። ጋሽ ከድር ወጣት አስተማሪ ሆነው ኮሌጁ ሲገቡ ጉብሬ አካባቢ አንድ ጀፎሮ አዩና እሑድ እሑድ ወረቀት ይዘው ይመላለሱ ጀመር። ከዚያ ሳንቃ ገዙ። ከክፍል ሲወጡ፣ ፈተና አርመው ሲጨርሱ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ መላውን መንደር ቀረጹት። የሣር ክዳኑ እያንዳንዱ ዘለላ፣ የእንሰቱ ቅጠል ጅማት፣ የአጥሩ ቋጠሮ ሳይቀር አለ። ጣቴ ሳላስበው ወደ እንጨቱ ሄደ።

"እጅሽ ቅባት ነው" አሉ ጋሽ ከድር ከኋላዬ። ሸብተዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ድምፃቸው ግን ያው የክፍል ድምፅ ነው።

"ለምን እስከዛሬ አላተሙትም ጋሼ?"

"በምን? የኮሌጁ ማተሚያ የሚችለው የደብተር ወረቀት ያህል ነው። ቆራርጠህ አትም አሉኝ። ጀፎሮ ተቆራርጦ ምን ጀፎሮ ይሆናል?" በርጩማ ስበው ተቀመጡ። "አሁን ደግሞ ሳንቃው መጣመም ጀምሯል። ቀለሙን ለዓመታት ከየቆርቆሮው ጠርዝ ጠራርጌ ነው ያጠራቀምኩት። የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ነው። ነገ ከተበላሸ አበቃ።"

ወይዘሮ ዘሀራ ሻይ ሊያመጡ ሲወጡ ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከዚህ እስከ ወልቂጤ በየመንገዱ ቲቸር ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ሠዓሊ ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው የለም። እኔም ሌሊት ሌሊት እጠይቃለሁ። ሠዓሊ ነበርኩ ወይስ ሠዓሊ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ የኖረ ሰው? ነገ ጨርቁ ሲነሳ አውቃለሁ።"



እሑድ ማለዳ፣ ተራራው ላይ

ሳንቃዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አይሱዙ ላይ ተጫኑ። ሾፌሩ ሙራድ የቡታጅራ ወጣት ነው፤ እሱም ድሮ የጋሽ ከድር ተማሪ ነበር። "ዛፍ ስዬ ሳሳያቸው፣ ጎበዝ፣ ጎመኑ አምሮብሃል አሉኝ" አለኝ መሪውን እያዞረ። "በዚያው ሹፌር ሆንኩ።"

ከቡታጅራ ወደ ጉብሬ የሚወስደው መንገድ ተራራውን ይወጣል። ስንወጣ ሙቀቱ ከታች ቀረ፤ ጭጋጉ ከገደሉ ውስጥ እየተነሳ መንገዱን ያቋርጣል። ቀና ስል የዘቢዳር ተራራ አናቱን ገልጦ ቆሟል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከብርዱ ነው አልኩ ለሙራድ፤ ብርዱ ብቻ ግን አልነበረም። ይህን አገር ሰው እንዴት በእንጨት ላይ ለመቅረጽ ይደፍራል? ጋሽ ከድር መሐላችን ተቀምጠው በየኩርባው፣ "ቀስ፣ ቀስ በል" ይላሉ።

በየመንደሩ የሚጠራቸው አይጠፋም። ሻይ ቤት ስንቆም ባለቤቷ፣ "ቲቸር፣ የእርስዎን ሂሳብ አልቀበልም" አለች። ትንሽ ቆይቶ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። በመስኮቱ አጎንብሶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ምን ጭነዋል?"

"ጀፎሮ።"

ፖሊሱ ወደ ኋላ ዞሮ ጭነቱን አየ፣ እኛን አየ። "እሺ፣ በጥንቃቄ ይሂዱ" አለ። ሙራድ እስክንርቅ ድረስ ሳቁን ያዘ።

እሑድ ቀትር፣ ጀፎሮው

ጉብሬ ላይ አንድ ጥቅል ከወልቂጤ በመጣ ሚኒባስ ጠበቀን። አቡጀዲ ነው፤ የወልቂጤ ልብስ ሰፊ ስፌቱ እንዳይወፍር እየተጠነቀቀ አጋጥሞ አንድ ትልቅ አንሶላ አድርጎታል። ከዚያ በጥርጊያ መንገድ ወደ መንደሩ ገባን።

መንደሩን ሳየው ደነገጥኩ። ያደርኩት እኮ ከእሱ ጋር ነው፤ ሳሎን ውስጥ። ያ አጥር፣ ያ የቤት ጣሪያ፣ ከጀፎሮው ራስጌ በጽድ ዛፎች የተከበበው የመቃብር ቦታ፣ ሁሉም በቦታው ቆሟል።

መንደርተኛው ጋሽ ከድርን ያውቃቸዋል፤ "ያ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰውዬ" ነው የሚላቸው። ሳንቃዎቹ ሣሩ ላይ ተገጣጥመው ተዘረጉ። ጋሽ ከድር በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ሙራድና እኔ ቀለሙን በሮለር ቀባን። እንጨቱ ጥቁር ሲሆን ቅርጹ ብድግ ብሎ ታየ። ሰው ከበበን።

"ይሄ የእኔ ቤት ነው" አለ አንድ ጎልማሳ። ወዲያው ቅር አለው። "ግን በተቃራኒ በኩል ነው ያደረጉት።"

"ሲታተም ይገለበጣል። መስታወት ስታይ ግራህ ቀኝ አይደለም? እንደዚያ ነው" አሉ ጋሽ ከድር። ይህንን ስንት ዓመት ለስንቱ አስረድተዋል። ሰውየው ጥቂት አሰበና እጁን አንስቶ መዳፉን ገልብጦ ሞከረው፤ ተስማማ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ቤት ይፈልግ ጀመር። እማማ ወርቄ የሚባሉ አሮጊት ከዳር እስከ ዳር ዞረው፣ ራስጌው ላይ ያሉት ጽዶች ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "እዚህ ጋ ባለቤቴ ነው" አሉ ለማንም ሳይሆን። ነጠላቸውን አጣፍተው አንገታቸውን ደፉ።

አቡጀዲው ተዘረጋ። እንዳይንሸራተት ስምንት ሰው ጫፍ ጫፉን ያዘ። በላዩ ከየቤቱ የመጣ ብርድ ልብስ ተነጠፈ።

"ማተሚያው እናንተ ናችሁ" አሉ ጋሽ ከድር። "ጫማ አውልቁ። በተረከዝ፣ ሳትቸኩሉ፣ አንድም ቦታ ሳይቀር።"

መጀመሪያ ተፋፈሩ። ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላው አቀነቀነ፣ እግሩም መጣ። የጉራጌ እግር ጭብጨባ ሰምቶ መች ያርፋል? ሽማግሌው፣ አንዲት አዲስ ሙሽራ፣ ሙራድ፣ እኔም ጭምር ከጫፍ ጫፍ ረገጥን። መሬቱ ከሥራችን ይመታል። ጋሽ ከድር ጉልበታቸው ስለማይፈቅድላቸው ታችኛው ጫፍ በርጩማ ላይ ሆነው፣ "ተረከዝ፣ ተረከዝ" ይላሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ማተሚያ ቤት አላየሁም።

"በቃ" ሲሉ ሁሉም ወረደ። ብርድ ልብሱ ተነሳ። ስምንቱ ሰዎች ጨርቁን ከታችኛው ጫፍ ጀምረው ቀስ እያሉ አነሱት፤ ገልብጠው ሣሩ ላይ ዘረጉት።

መንደሩ መንደሩ ላይ ተኝቷል። ሣሩ፣ ጣሪያው፣ የእንሰቱ ጅማት፣ ሁሉም በነጭ ላይ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል፤ ቤቶቹም በትክክለኛ ጎናቸው ናቸው። የሰውየው ቤት በቦታው ገብቷል። ጋሽ ከድር በምርኩዝ ተደግፈው በጨርቁ ዳር ዳር ወደ ላይ መሄድ ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ራስጌው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

የፈሩት ይደርሳል። ጽዶቹ ወጥተዋል፤ በጽዶቹ መሐል ያለው ግን ባዶ ነው። መቃብሩ አልታተመም። እንደ ምጣድ የሰፋ ነጭ ቦታ ቀርቷል። እኔ ነኝ ቀለም ያልቀባሁት ብዬ ወደ ሳንቃው ሮጥኩ፤ ቀለሙ ግን እርጥብ እንደሆነ እዚያው አለ።

"እዚህ ጋ ማን ነበር የረገጠው?" አሉ ጋሽ ከድር። የተቆጡ አይመስሉም፤ የፈሩ ይመስላሉ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ እማማ ወርቄ፣ "እኛ ምን በወጣን" አሉ ቀስ ብለው። "መቃብር ይረገጣል እንዴ?"

ያ ጎልማሳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሙራድም አንገቱን አከከ። "ቲቸር፣ እኔም ዞሬ ነው ያለፍኩት። እግሬ እምቢ አለኝ።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ሰልፉ ራስጌው ጋ ሲደርስ ይታጠፍ ነበር፤ እኔም ተከትዬ ታጥፌያለሁ። ቦታ ጠቦ ነው ብዬ ነበር። እንጨትና ቀለም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሲቀባ ቆሞ አይቷል። ግን አልረገጡም።

"ቲቸር፣ ቀለሙ እኮ አልደረቀም" አለ ሙራድ። "ጨርቁን በልኩ መልሰን በእጅ ብናሸው ይወጣል።"

ይወጣ ነበር። ጋሽ ከድር ሳንቃውን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ ዛፎቹ ወዳሉበት ወደ እውነተኛው ራስጌ ቀና አሉ። ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እማማ ወርቄ፣ "አስቀየምናቸው" ብለው ሊጠጉ ሲሉ ጋሽ ከድር እጃቸውን አወረዱ፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ይስቃሉ።

"አትንኩት። እንዳለ ይሁን።"

ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው፤ "ታተመ ወይ?" ሲሉ ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

"ዘሀራ" አሉ፣ "መቃብሩን እኮ አልረገጡትም።"