ከኋላ የሚቀመጡት ስፒከሮች

የደንበኛው ሸሚዝ በጥንቃቄ ተተኩሷል፤ የጫማው ክር ግን ግራና ቀኙ ሁለት ዓይነት ነው። ሱቄ ውስጥ ቆሞ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙትን ስፒከሮች አንድ በአንድ ያገላብጣል።

«ክፍሉ ምን ያህል ይሰፋል?» አልኩት።

«አንድ አልጋና አንድ ሶፋ ይይዛል።»

«እንግዲያው ሁለት ስፒከር ይበቃዎታል።»

ፊቱ ጠቆረ። «የልጆቼ የእንጀራ አባት አምስት አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም የሚያዩት እሱ ጋ ነው። እኔ ጋ ሲመጡም የሚያወሩት ስለዚያ ቤት ድምፅ ነው።» አምስት ሲል ጥርሱን ነከሰ።

አምስቱንም ሊገዛ ወሰነ፤ እኔ በመረጥኩለት አምፕሊፋየርና ገመድም ተስማማ። ከኋላ የሚቀመጡትን ሁለቱን ስፒከሮች ግን ደጋግሞ አስከፈተኝ፤ ጆሮውን አስጠግቶም አዳመጣቸው።

«ድምፁ ከኋላ ሲመጣ ልጆቹ ዞር ይላሉ አይደል?» አለኝ።

«ይላሉ።»

«እኔ እዚያ፣ ከሶፋው ኋላ አልጋው ላይ ነው የምቀመጠው።»